የባለ ባሕር ዛፉ ገበሬና የከተማው ውኃ

ባለፈው ሐምሌ ወር አጋማሽ ከአርትስ ፋኩልቲ አምስት ሆነን ወደ ገላን ወርደን ነበር። የሄድንበት ምክንያት ለጂኦግራፊ ትምህርታችን የሚሆን የወንዝ ዳር ንድፍ ለማንሣት ነበር፤ ይዘን የተመለስነው ግን ንድፉን ብቻ ሳይሆን ሁለት ጠርሙስ ውኃና አንድ ጥያቄ ጭምር ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፦ ዛፉ የገበሬው፣ ወንዙ የሁሉም፣ ውኃውን የሚጠጣውና የሚጠቀምበት ደግሞ ከበታች ያለው ሰው ከሆነ፣ ወንዙ ጠርቶ እንዲወርድ የሚደክመው ማን ነው? ለድካሙስ ማን ይከፍለዋል?

አንዳንድ ጓደኞቻችን «የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ደን ምን አገባው? ይህ የግብርና ሰዎች ሥራ ነው» ብለውን ነበር። እውነት ነው፤ ስለ ዛፍ ሥርና ስለ ቅጠል እነርሱ ከእኛ የበለጠ ያውቃሉ። ነገር ግን ጉዳዩን ጠጋ ብለን ስናየው ግማሹ የዛፍ ነገር ሲሆን፣ ቀሪው ግማሽ የሕግ፣ የታሪክና የኪስ ነገር ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ አፍረን አልተመለስንም።

በመጀመሪያ የምድሩን አቀማመጥ ማስታወስ ያስፈልጋል። የእንጦጦ ተራራ ውኃ ከፋይ ነው። ከተራራው በስተሰሜን የወደቀ ዝናብ በሱሉልታ ሜዳ አልፎ ወደ ሙገር፣ ከሙገርም ወደ ዓባይ ይሄዳል። በስተደቡብ የወደቀው ግን በታላቁና በትንሹ አቃቂ ወርዶ አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኝና ወደ አዋሽ ይገባል። በቡራዩ በኩል የገፈርሳ ግድብ አለ፤ አዲስ አበባ ከሁሉ አስቀድማ ከጠጣቻቸው የግድብ ውኃዎች አንዱ ነው። ሰበታ ከወጨጫ ተራራ ሥር ተቀምጣ ጅረቶቿን ወደ አዋሽ ትልካለች። ገላን ግን ከሁሉም በታች ነች። እነዚህ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚል ስም በአንድ አስተዳደር ሥር ተጠቃልለዋል፤ ወንዞቹ ግን ከዚያ በፊትም ቢሆን አንድ ያደረጓቸው ነበሩ።

ከላይ የታጠበ አፈር የት እንደሚደርስ ለማወቅ የሚሻ ሰው አባ ሳሙኤልን ይመልከት። በአገራችን ከተሠሩት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች የመጀመሪያ የሚባለው ይህ ግድብ፣ ሐይቁን ደለልና የውኃ አረም ከሞሉት በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሥራ አቁሞ ቆይቶ፣ በ2009 ዓ.ም. በቻይና ርዳታ ታድሶ እንደገና ሥራ ጀምሯል። በዚያ ሐይቅ ሥር የተኛው ጭቃ የማን ማሳ፣ የማን ቁልቁለት እንደ ነበር ጠይቆ ለይቶ መናገር የሚችል የለም። ከላይ ካለው ከእያንዳንዱ ሰው ጥቂት ጥቂት የመጣ ነው።

አሁን ወደ ባሕር ዛፉ እንምጣ። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። በጊዜው አዲስ አበባ ገና ከተቆረቆረች ዐሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላት ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት አልቆባት ነበር። ቤተ መንግሥቱን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ የተደረሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከተማዋን ከስደት ያዳናት በጥቂት ዓመት የሚደርሰው፣ ሲቆርጡት ከጉቶው መልሶ የሚያቈጠቁጠው ይህ እንግዳ ዛፍ ነው። ስለዚህ ዛሬ አንዳንድ ሰው ባሕር ዛፍን እንደ ጠላት ሲረግመው ስንሰማ ውለታ ቢስነት ይመስለናል። ዛፉ ያለ ቦታው ቆሞ ከሆነ ጥፋቱ የተከለው ሰው፣ ይልቁንም ሳያስተምር የተከለበትን ስፍራ ዝም ብሎ ያየው ሰው ነው።

የገላኑ ሽማግሌ የነገሩንም ይህንኑ የሚያጠናክር ነው። አንድ ጠባብ ጅረት ዳር፣ ጥቁር ዋልካ አፈር ላይ፣ ቁልቁለቱን ተከትሎ እስከ ውኃው አፋፍ ድረስ የተተከለ ባሕር ዛፍ አላቸው።

«አባባ፣ ይህን ዛፍ መቼ ተከሉት?» አልናቸው።

«ደርግ የወደቀ ዓመት ነው፤ አራት ጊዜ ቆርጬዋለሁ። በመጀመሪያው ቤቴን ቆርቆሮ አለበስሁ፤ በሁለተኛው ልጅ ዳርሁ፤ የቀረውን እናንተን የመሰሉ ልጆች በሉት» ብለው ሣቁ። «ባንኬ ነው። ባንክ ሄጄ ግን ፊርማ አላውቅም፤ እዚህ መጥረቢያ ይበቃኛል።»

«ለምን እስከ ውኃው ድረስ አወረዱት?»

«ከዚያ በላይ ጤፍ ይበቅላላ! ውኃው ዳር ጤፍ አይሆንም፤ ይታጠባል። ለማይረባው መሬት የማይሞተውን ዛፍ ሰጠሁት።»

ይህ መልስ ለመማሪያ መጽሐፍ የሚበቃ ነው። ገበሬው ወንዙን ለመጉዳት አልተነሣም፤ መሬቱን በሚገባ አስልቶ፣ ለእህል የማይሆነውን ጥግ ለዛፍ ሰጠ። ችግሩ ለእህል የማይሆነው ጥግ ለወንዙ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ጥግ መሆኑ ነው።

ምክንያቱን ባጭሩ እናስረዳ። በአዲስ አበባ ዙሪያ በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር የሚበልጥ ዝናብ ይወርዳል፤ የሚበዛውም በክረምት ወራት ተጠቃልሎ ነው። የዝናቡ ነጠብጣብ በረጅም ዛፍ ቅጠል ላይ ተጠራቅሞ ሲወድቅ ከመጀመሪያው ይልቅ ይተልቃል፤ ከከፍታ ስለሚመጣም አፈሩን በኃይል ይመታዋል። ከዛፉ ሥር ወፍራም የቅጠል ንጣፍ፣ ሣርና ቍጥቋጦ ካለ ምንም ችግር የለም፤ ነጠብጣቡ እዚያ ላይ ያርፋል፣ ውኃውም ቀስ እያለ ይሰርጋል። ከዛፉ ሥር የተራቈተ አፈር ብቻ ካለ ግን ውኃው አፈሩን ይፈታና ይዞት ይወርዳል። እንግዲህ ከሩቅ አረንጓዴ ሆኖ የሚታይ ዛፍ ሁሉ አፈር ጠባቂ አይደለም። አፈሩን የሚጠብቀው አብዛኛውን ጊዜ ከበላይ ያለው ግንድ ሳይሆን መሬት ላይ የተኛው ነገር ነው።

በባሕር ዛፍ ሥር ደግሞ መሬት ላይ የሚተኛ ነገር የለም ለማለት ይቻላል። አንደኛ፣ ዛፉ ተጠጋግቶ ስለሚተከልና ውኃና ብርሃን ስለሚሻማ ሣር በሥሩ እምብዛም አይበቅልም። ሁለተኛ፣ የወደቀው ቅጠል ተጠርጎ ይሄዳል። በከተማችን ያደግን ሁሉ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሸክም ከወገባቸው ጐብጠው ከእንጦጦ የሚወርዱትን ሴቶች እናውቃቸዋለን። ያ ቅጠል በስንቱ ቤት ምጣድ ሥር ነዶ እንጀራ አብስሏል! በልጅነታችን የእንጀራው ሽታ ከቅጠሉ ጢስ ጋር የተቀላቀለ ነበር፤ ኤሌክትሪክ ምጣድ ከገባ ወዲህም ቢሆን መብራት በሚጠፋበት ቀን ቅጠሉ ይፈለጋል።

በዚህ ስፍራ ላይ ብዙ ቆመን ተነጋግረናል። ከእኛ አንዱ «ቅጠል መጥረግ መከልከል አለበት» አለ። ሌላዋ ጓደኛችን ግን ተቆጣች፤ «እናትህ ቅጠል ተሸክማ ብታሳድግህ እንዲህ አትልም ነበር» አለችው። እኛም ነገሩን አስታርቀን የደረስንበት ይህ ነው፦ ቅጠሉ ሁሉ እኩል ዋጋ የለውም። ከወንዙ ርቆ ሜዳ ላይ የወደቀ ቅጠል ቢጠረግ ጉዳቱ ለዛፉ አፈር ለምነት እንጂ ለወንዙ ብዙ አይደለም። በቁልቁለቱ ታችኛ ክፍል፣ ከወንዙ አፋፍ በላይ ባለው ጥቂት ርምጃ ላይ የወደቀው ቅጠል ግን የመጨረሻው ማጣሪያ ነው። ስለዚህ ላይኛው ይጠረግ፣ ታችኛው ይተው። ይህን ያህሉን ለማስረዳት ፖሊስ አያስፈልግም፤ ቅጠል ለቃሚዋም ሆነች ባለ ዛፉ በአንድ ቀን የሚረዱት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የወንዝ ዳሩ ራሱ ነው። ባሕር ዛፍ ውኃ ይወዳል፤ ምንጭ አጠገብ ከተተከለ ምንጩን እንደሚያመነምነው ገበሬዎቻችን ከምሁራኑ ቀድመው ያውቁታል። ስለሆነም የደን ሰዎች የሚመክሩት ከአፋፉ ጀምሮ ጥቂት ሜትር ስፋት ያለው መቀነት ከባሕር ዛፍ ነጻ ሆኖ በሣር፣ በቍጥቋጦና በአገር በቀል ዛፍ እንዲሸፈን ነው። ለዚህ የሚሆን ዘር ከውጭ አገር አይመጣም። ቀጋና አጋም፣ እንቧጮና ግራዋ፣ ብሳና፣ ወይራ፣ በደጋው በኩል ኮሶና ጥድ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከፍታ ደግሞ ቀርከሃ አለ። የአገራችን ጥንታዊ ደን ምን ይመስል እንደ ነበር ለማየት የሚፈልግ ከሰበታ በላይ ወደ መናገሻ ሱባ ይውጣ፤ ያን ደን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ባስመጡት የጥድ ዘር እንዳስተከሉት ይነገራል። እዚያ ከዛፎቹ ሥር ስትረግጡ እግራችሁ ይሰምጣል። በገላኑ ባሕር ዛፍ ሥር ግን መሬቱ እንደ ደጃፍ የተደለደለ ነው።

የአቆራረጡም ነገር እንዲሁ ነው። በአካባቢያችን ልማድ አንድ ነጋዴ ይመጣና ማሳውን በሙሉ፣ «አንድ ብር ሳላስቀር» ብሎ፣ ቋሚውንና ማገሩን ሳይለይ ይገዛዋል፤ በሳምንት ውስጥ ጉቶ ብቻ ይቀራል። ግንዱም በቁልቁለቱ ተጎትቶ ጅረቱን አቋርጦ መኪና ወደሚደርስበት ይወሰዳል፤ የተጎተተበት ፈር በክረምት ቦይ ይሆናል። ይህ ሁሉ በሌላ መልክ ሊሠራ ይችላል፦ ማሳው በሁለት ወይም በሦስት ረድፍ ተከፍሎ በየተራ ቢቆረጥ፤ ሥራው በበጋ፣ በኅዳርና በየካቲት መካከል ቢሆን፤ ግንዱ ወደ ታች ሳይሆን በአግድም ቢወጣ፤ ጅረት መሻገር ግድ ሲሆን አምስት ስድስት አጠና ጎን ለጎን ተጋድሞ ድልድይ ቢሆን፤ ጭራሮውም ሁሉ ሳይለቀም ጥቂቱ በፈሩ ላይ ቢጣል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ዕውቀት እንጂ ገንዘብ አይደለም ለማለት ዳድቶን ነበር። ሽማግሌው ግን አስቆሙን።

«በሦስት ከፍዬ ልሽጥ? ነጋዴው ለትንሽ ነገር መኪና አያመጣልኝም። ቢያመጣም ዋጋ ይሰብራል።»

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። የሽማግሌው ማሳ በጅረቱ ዳር 80 ሜትር ያህል ይሄዳል እንበል። 15 ሜትር ስፋት ያለው መቀነት ከባሕር ዛፍ ነጻ ይሁን ብንል 1,200 ካሬ ሜትር ነው። እርሳቸው በየርምጃው አንድ ዛፍ ስለ ተከሉ 1,200 ያህል ግንድ ማለት ነው። በየስድስት ሰባት ዓመቱ 1,200 አጠና ይተዉ ማለት ነው እንግዲህ። በዚያ ምትክ ሣር አጭደው ይሸጣሉ፣ ንብ ያንቡበታል፣ እርግጥ ነው፤ ልዩነቱን ግን አይሞላም። ይህን ኪሳራ ከበታች ላለው ውኃ ጠጪ ብለው በነጻ ይሸከሙ ብሎ መስበክ ለእኛ ለተማሪዎች ቀላል ነው፤ የቧንቧ ውኃ የምንጠጣው እኛ ነንና!

በዚህ ረገድ የሌላ አገር ልምድ መመልከት ይጠቅማል። የኒው ዮርክ ከተማ አብዛኛውን ውኃዋን የምታገኘው ካትስኪል ከሚባሉ ተራሮችና ከአካባቢያቸው ነው። ምድሩ በአብዛኛው ደን ነው፤ ደኑም በብዙ ሺህ ግለሰቦች እጅ ነው። በእ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መንግሥት ከተማዋን «ውኃሽን ማጣሪያ ሥሪለት ወይም ምንጩን ጠብቂ» አላት። የማጣሪያው ዋጋ በብዙ ቢሊዮን ዶላር ተገመተ። ከተማዋም በ1997 እ.ኤ.አ. ከገጠሮቹ ጋር ስምምነት ተፈራርማ፣ ገንዘቡን ወደ ላይ ላከችው። በዚያ ገንዘብ ባለ ደኖቹ የደን ዕቅድ የሚያወጣላቸው ባለሙያ ይላክላቸዋል፤ እንጨት ቆራጩ ጅረት ሲሻገር የሚዘረጋው ተንቀሳቃሽ ድልድይ ይዋሰዋል። የአጠናው ድልድይ ነገር እንግዲህ ከእኛ የመነጨ ሐሳብ አይደለም። ልብ በሉ፤ ማንም የማንንም ዛፍ አልነጠቀም፤ ባለ ዛፉ ባለ ዛፍ እንደ ሆነ ቀረ።

«እርሱ የሀብታም አገር ነው» ለሚሉን ጎረቤታችን ናይሮቢ አለች። ናይሮቢ የምትጠጣው ከሞላ ጎደል ከላይኛው ታና ወንዝ ነው፤ በእ.ኤ.አ. በ2015 የተቋቋመው የውኃ ፈንድ ከከተማው ውኃ ተጠቃሚዎችና ከለጋሾች ገንዘብ እየሰበሰበ፣ ለትንንሽ ባለ ማሳ ገበሬዎች እርከን እንዲሠሩ፣ የዝሆን ሣርና ዛፍ እንዲተክሉ ይረዳል። የደለለ ውኃ ለማጣራት ብዙ ሻብ፣ ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈጃል፤ ግድቡም ቶሎ ይሞላል። ስለዚህ ለገበሬው የሚከፈለው ምጽዋት አይደለም፤ ቀድሞ የተከፈለ የማጣሪያ ዋጋ ነው። በእኛም ከተማ ከውኃ ሒሳብ ላይ እጅግ ጥቂቷ ሳንቲም ተለይታ ለቡራዩ፣ ለሰበታ፣ ለሱሉልታና ለገላን ባለ ዛፎች ብትመለስ የሚያንገራግር ይኖራል፤ እኛ ግን አናንገራግርም።

ሕጉስ ምን ይላል? በዚህ ረገድ አገራችን አዲስ አይደለችም። በ1957 ዓ.ም. ሦስት የደን አዋጆች በአንድነት ወጥተው ነበር፤ አንዱ ስለ መንግሥት ደን፣ ሁለተኛው ስለ ግል ደን አጠባበቅ፣ ሦስተኛው ስለ መከላከያ ደን የሚናገር ነበር። ዐሥር ዓመት ቆይቶ፣ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ያ ሥርዓት አብሮ አለፈ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ እንዲቆይ አድርጎ፣ ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ለሚያፈራው ቋሚ ንብረት መብት ሰጥቷል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ደግሞ ከመንግሥት ደን ሌላ የግል፣ የማኅበረሰብና የማኅበር ደንን በስም ጠርቶ ዕውቅና ሰጥቷል። እንግዲህ ዛፉ የሽማግሌው ነው፤ መሬቱ ግን የሽማግሌው ብቻ አይደለም።

ከሁሉ የከበደው ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። ወይራ ተክሎ ለመጠቀም ዕድሜ ይጠይቃል። ከተማው ደግሞ በየዓመቱ ወደ ገበሬው ማሳ እየተጠጋ ነው፤ ፋብሪካው፣ መጋዘኑ፣ የጋራ መኖሪያ ቤቱ ከአጥሩ ማዶ ይታያል። መሬቱ ለልማት ሲወሰድ ካሣ የሚታሰበው በላዩ ላይ ላለው ንብረት፣ ለዛፉም ጭምር ነው። ስለዚህ ከወዲያና ከወዲህ ሲወራ እንደ ሰማነው፣ «መሬቱ ሊወሰድ ነው» የተባለበት ቀበሌ ሁሉ በአንድ ክረምት በችግኝ ይጠቀጠቃል፤ የዛፍ ቍጥር ካሣ ነውና። ወንዙ ዳር ሣር የተወ ሰው ግን የሚቆጠርለት ግንድ የለውም። ሰውዬው ለወንዙ ደግ በሆነ መጠን በካሣው ይጎዳል ማለት ነው። የወንዝ ዳር መቀነት ያበጀ ገበሬ መቀነቱ እንደ ሙሉ የዛፍ ማሳ እንዲገመትለት አስቀድሞ በጽሑፍ ቢረጋገጥለት፣ ይህ አንድ ወረቀት ከመቶ ስብከት ይበልጣል ብለን እናምናለን።

አንባቢ እንዳይሳሳትብን አንድ ነገር እንጨምር። የአቃቂን ውኃ ያበላሸው በመጀመሪያ ደረጃ የባሕር ዛፍ ገበሬ አይደለም። የከተማው ፍሳሽና የፋብሪካው ዝቃጭ ነው። በወንዝ ዳር የተተከለ ወይራ ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣን ኬሚካል አያጠራም፤ የሚያጠራው በአቅራቢያው ካለው ማሳ የሚወርደውን ጭቃ ነው። ለፋብሪካ ባለቤት ዝም ብሎ ገበሬን ብቻ መምከር ነውር ነው። በ2011 ዓ.ም. ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርን ለማልማት የታወጀው ዕቅድ የከተማውን ዳርቻ ይመለከታል። ከዚያ በላይና ከዚያ ወዲያ ያሉት ትንንሽ ጅረቶች ግን በሺህ በሚቆጠሩ ባለ ባሕር ዛፎች እጅ ናቸው፤ ይህ ጽሑፍም ስለ እነርሱ ነው።

ስለ ጠርሙሶቹ ሳንነግራችሁ። ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት አንዱን ከሽማግሌው ማሳ ሥር ከሚያልፈው ጅረት፣ ሁለተኛውን ደግሞ ግማሽ ሰዓት ያህል ከሚያስኬድ ሌላ ጅረት፣ ዳርና ዳሩ ሣርና ቀጋ ከሆነው፣ ቀድተን አስቀመጥናቸው። ከሦስት ቀን በኋላ የመጀመሪያው ሥሩ ሁለት ጣት ጭቃ አስቀመጠ፤ ውኃው ግን እስካሁን አልጠራም። ሁለተኛው የጥፍር ውፍረት ያህል ብቻ ነው ያስቀመጠው። ሁለት ጠርሙስ ማስረጃ እንደማይሆን የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ነግረውናል፤ ቁልቁለቱም አፈሩም እኩል መሆኑን አልለካንም። በጥቅምት ልኬት ከሚያውቁ ጋር ሆነን ሃያ ጠርሙስ ይዘን ልንመለስ አስበናል።

ስንሰናበት የመጀመሪያውን ጠርሙስ ለሽማግሌው ብናሳያቸው ብርሃን ላይ አንሥተው አገላበጡት። «ይህ የኔ አፈር ነው?» አሉ። ነው አልናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንግዲያስ ከታች ያሉትን ሁለት ረድፍ ዘንድሮ አልሸጣቸውም፤ ጉቶአቸውን ነቅዬ ሣር አደርገዋለሁ። የናንተ ቃል የምትሉት ወረቀት ከመጣ ደግሞ የቀረውን እናያለን» አሉን።

ጠርሙሶቹ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት መስኮት ላይ ይገኛሉ፤ መጥቶ ማየት የሚፈልግ ይችላል፤ እባካችሁ ግን አታንቀጥቅጧቸው።